የዕድሩ መዝገብና የኮሌጁ ተማሪ፦ በወለጋ ከተሞች አጋርነቱ እንዴት ይሠራል?

በነቀምቴ ከተማ በአንድ ቤት ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ ሳይዘገይ ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፤ ለለቅሶኛው ውኃው፣ ቆሎውና ቡናው ይቀርባል። ሐዘንተኛው ለዚህ ሁሉ የማንንም ደጅ አይጠናም። ዕድሩ ዓመቱን ሙሉ ከአባላቱ በሰበሰበው መዋጮ ያደርገዋል። ከዚህ ሥርዓት ጀርባ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ የአባላቱ ስም በአንድ ወገን፣ የተከፈለበት ወር በሌላ ወገን ተጽፎበት በገንዘብ ያዡ ቤት ይቀመጣል። ደብተሩ ለቀብር ይበቃል። ዕድሩ ከቀብር ያለፈ ሥራ ልሥራ ባለ ጊዜ ግን አይበቃም።

የደብተሩ ማነስ የሚታወቀው በችግር ጊዜ ነው። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ በካማሺ ዞንና በአዋሳኝ የወለጋ አካባቢዎች በተቀሰቀሰው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለው ነቀምቴን ጨምሮ በየአካባቢው ተጠልለው ነበር። እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስ ቀድሞ በሩን የሚከፍተው ጎረቤት፣ ዕድር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የወጣቶች ማኅበር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንጀራውም ብርድ ልብሱም ከእነርሱ ይገኛል። ችግሩ ሳምንታትን አልፎ ወራት ሲቈጠርበት ግን የጎረቤት ጓዳ ይሟጠጣል፤ የረጂ ድርጅቶች ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህ ገንዘብ ደግሞ ያለ ወረቀት አይንቀሳቀስም። ረጂው የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የጸደቀ መተዳደሪያ ደንብ፣ በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ፣ ያለፉ ዓመታት የኦዲት ሪፖርት፣ እንዲሁም ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚያሳይ ዕቅድ ይጠይቃል። ችግረኛውን በስም የሚያውቀው ዕድር እነዚህን ማቅረብ ሲሳነው ገንዘቡ ችግረኛውን በማያውቅ፣ ወረቀቱ ግን በተሟላለት ሌላ ድርጅት በኩል ይመጣል፤ ወይም ሳይመጣ ይቀራል።

ነገሩ የወለጋ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. በኢስታንቡል በተካሄደው የዓለም የሰብአዊ ዕርዳታ ጉባኤ ትልልቅ ረጂ መንግሥታትና ድርጅቶች ከሰብአዊ ዕርዳታ ገንዘብ ቢያንስ 25 በመቶው እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል አካላት እንዲደርስ ተስማምተው ነበር። የጊዜ ገደቡ አለፈ፤ ግቡ ግን አልተመታም። ረጂዎቹ ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ የአገር በቀል ድርጅቶች የሂሳብ አያያዝና የአስተዳደር አቅም ነው። ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ ሰበብ ይሆናል፤ ሰበቡን ለማሳጣት ግን የተስተካከለ መዝገብ ይዞ ከመቅረብ የተሻለ መንገድ የለም።

በኢትዮጵያ ሕጉ በዚህ ረገድ ከቀድሞው ሰፋ ብሏል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 ተክቷል። በቀድሞው ሕግ በመብት ነክ ጉዳዮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ድርጅቶች ከውጭ ምንጭ ማግኘት የሚችሉት ከገቢያቸው 10 በመቶውን ብቻ ነበር። በዚያው ዘመን የነበረው የ70/30 መመሪያም ለሥልጠናና ለክትትል የሚወጣውን ብዙ ወጪ እንደ አስተዳደራዊ ወጪ ይቈጥር ስለነበር፣ አቅም ለመገንባት የሚሠሩ ድርጅቶችን ጫና ውስጥ ከቷቸው ቆይቷል። አዲሱ አዋጅ የውጭ ገንዘብ ገደቡን አንሥቷል፤ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ግን ያዝዛል። ለትልቅ ድርጅት 20 በመቶ ብዙ ነው። በዓመት መቶ ሺህ ብር ለሚያገኝ ትንሽ ማኅበር ግን 20 ሺህ ብር ማለት ነው፤ በዚህ ገንዘብ የሂሳብ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ መቅጠር አይቻልም። ዕድርና ዕቁብን የመሰሉ ባህላዊ ማኅበራት ከአዋጁ ወሰን ውጭ ናቸው፤ በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠሩ ማኅበራትም የሚመዘገቡት በዚያው ክልል አካል ነው።

እንግዲህ የሂሳብ ሠራተኛ፣ የሕግ አማካሪና የዕቅድ ባለሙያ መቅጠር የማይችል ማኅበር እነዚህን ከየት ያገኛል? በወለጋ ከተሞች መልሱ ብዙ ርቀት የሚያስኬድ አይደለም። በነቀምቴ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በጊምቢና በሻምቡም ካምፓሶች አሉት። በቄለም ወለጋ የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች፣ የፖሊ ቴክኒክና የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም በየከተማው ይገኛሉ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲዎች ተግባር አድርጎ አስቀምጧል። ስለዚህ አንድ ዕድር ወይም የሴቶች ማኅበር የዩኒቨርሲቲን በር ሲያንኳኳ ውለታ እየለመነ አይደለም፤ ተቋሙ በሕግ የተሰጠውን ሥራ እንዲሠራ ምክንያት እየሆነው ነው።

የአንድ ቀን ሥልጠና

ኮሌጆች ከማኅበረሰብ ድርጅቶች ጋር የሚያደርጉት ግንኙነት በአብዛኛው በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ሥልጠና ያልቃል። ባነር ይሰቀላል፤ መክፈቻ ንግግር ይደረጋል፤ ስላይድ ይታያል፤ ሻይ ይጠጣል፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀትና አበል ታድሎ ፎቶግራፍ ይነሣል። ተቋሙ በዓመታዊ ሪፖርቱ ይህን ያህል ሰው አሠለጠንን ብሎ ይጽፋል። የዕድሩ ጸሐፊ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ግን ያው ደብተር ነው።

ይህ የአሠልጣኞቹ ስንፍና አይደለም። የሂሳብ አያያዝ በባሕርዩ በመስማት አይያዝም። በሬ መጥመድን በቃል የተማረ ገበሬ የለም፤ መዝገብም እንዲሁ ነው። በራስ ማኅበር ገንዘብ፣ በራስ ማኅበር ስሕተት ላይ፣ አንድ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ወር ተወር ሲሠራ ብቻ ይለመዳል።

አገሪቱ በዚህ ነገር ረጅም ልምድ አላት፤ ልምዱ ግን ወጥ አይደለም። በ1940ዎቹ ከኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የተቋቋመው፣ ያኔ ዓለማያ ዛሬ ሐረማያ የሚባለው የእርሻ ኮሌጅ፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና የኤክስቴንሽን ሥራን በአንድ ጣራ ሥር አድርጎ ነበር የተነሣው። ኮሌጁ ለአርሶ አደሩ የሚሰጠውን ምክር ራሱ ያሠራጭ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ዛሬ በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ዘርፍ የሚመደቡት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተማሩት በኮሌጅ ነው፤ የሚታዘዙት ግን በሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ኮሌጁ ያስተማራቸው ልጆች ገበሬው ዘንድ ምን እንደገጠማቸው ተመልሶ የሚሰማበት መንገድ ጠባብ ሆኖ የቀረው ከዚያ ጀምሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው ልምድ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ያካሄደው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በክፍለ ሀገር የማገልገል ግዴታ ነበረበት፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ተመድበዋል። ከአንድ ቀን ሥልጠና ጋር ሲነጻጸር አንድ ዓመት ብዙ ነው። አገልግሎቱ የተመሠረተው ግን በግለሰቡ ላይ ነበር፤ ተማሪው ሲመለስ ቦታው እንደገና ባዶ ይሆናል።

ለወለጋ የሚቀርበው ምሳሌ በጎረቤት የሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲዋሐዱ የተመሠረተ ሲሆን፣ ትምህርቱን በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ብሎ ሰይሞታል። በዚህ አሠራር ተማሪዎች በቡድን ሆነው ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ አንድ ቀበሌ ይወጣሉ፤ የቀበሌውን ችግር ከነዋሪው ጋር ይለያሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ተመልሰው መፍትሔ ያሉትን ይሠራሉ፤ ውጤቱንም ይገመግማሉ። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተደራጅተው በጤና ጣቢያ ይመደባሉ። የቡድን ሥልጠናው ሥር ከዚህም ይርቃል፤ በ1947 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር።

ከጅማው አሠራር የሚወሰዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ወደ አንድ ቦታ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው የተለያየ ሙያ ያላቸውን ተማሪዎች በአንድ ችግር ላይ ማሰለፍ ነው። ለጤና የሠራው ለመዝገብም የማይሠራበት ምክንያት የለም። የሕግ ተማሪ ደንቡን፣ የአካውንቲንግ ተማሪ ሂሳቡን፣ የሶሲዮሎጂ ተማሪ የአባላቱን ሁኔታ ይዘው ለአንድ ዕድር ቢመደቡ፣ በቀጣዩ ዓመትም ታናናሾቻቸው እዚያው ዕድር ቢመደቡ፣ ሥራው ከሰው ወደ ሰው ይሸጋገራል።

ተማሪው ምን ይሠራል?

በምሳሌ ማየት ይሻላል። 120 አባወራዎችና እማወራዎች ያሉበት ዕድር አለ እንበል። መዋጮው በወር 50 ብር ነው። ሁሉም ቢከፍል በወር 6,000 ብር፣ በዓመት 72,000 ብር ይገባል። ለአንድ ቀብር 10,000 ብር ይከፈላል፤ በዓመቱ አምስት ቀብር ነበር፤ ስለዚህ 50,000 ብር ወጥቷል። የዕድሩ ዳኛ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ 22,000 ብር ቀርቶናል ብለው ይናገራሉ። የባንኩ ደብተር ግን 11,000 ብር ብቻ ያሳያል። በጉባኤው ጉምጉምታ ይነሣል፤ ገንዘብ ያዡ ይታማሉ።

ተማሪው እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። በየወሩ ያልከፈሉትን አባላት ከደብተሩ እየለቀመ ይቈጥራል። በአማካይ አሥር አባላት በየወሩ ሳይከፍሉ ቢያልፉ በዓመት 6,000 ብር አልገባም ማለት ነው። ስለዚህ የገባው 66,000፣ ሊቀር የሚገባውም 16,000 ብር ነው። ልዩነቱ ከ11,000 ወደ 5,000 ብር ወረደ። የቀረው 5,000 ብር የት ገባ? ደረሰኝ ለደረሰኝ ሲታይ ድንኳን ተቀድዶ የተሰፋበት፣ ለታመመ አባል በብድር የተሰጠ፣ ብረት ድስት የተገዛበት ሆኖ ይገኛል፤ ተከፍሏል፣ አልተጻፈም። ገንዘብ ያዡ ሌባ አልነበሩም። መዝገቡ ግን ይህን መናገር አልቻለላቸውም። በየዕድሩና በየማኅበሩ ስንት ደግ ሰው በዚህ ምክንያት ስሙ ጐድፎ ከኃላፊነት እንደወረደ ነዋሪው ራሱ ያውቃል።

በዚያው መዝገብ ላይ ሌላም ነገር ይታያል። በሚቀጥለው ዓመት ቀብሩ አምስት መሆኑ ቀርቶ ሰባት ቢሆን ዕድሩ 70,000 ብር ይከፍላል፤ የሚገባው 66,000 ብር ከሆነ 4,000 ብር ይጐድልበታል። መጠባበቂያ ሳይኖረው ለተፈናቃይ ልጆች ደብተርና እርሳስ ለመግዛት ቃል ቢገባ ራሱን ይጎዳል። መዋጮው ይጨመር፣ የቀብር ክፍያው ይቀነስ ወይስ ለበጎ አድራጎት የተለየ ሣጥን ይከፈት የሚለውን የሚወስኑት አባላቱ ናቸው። ተማሪው ቁጥሩን አስልቶ ፊታቸው ያስቀምጣል፤ የእርሱ ድርሻ እዚያ ላይ ያበቃል።

የሚተከሉት መሣሪያዎችም ውድ አይደሉም። ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ፣ የገቢና የወጪ መዝገብ፣ የአባላት መዋጮ መቈጣጠሪያ፣ የንብረት መዝገብ፣ በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ፣ በየወሩ የባንኩን ደብተር ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር፤ ከዚህ በላይ ለጀማሪ ማኅበር አያስፈልገውም። ኮምፒዩተር ካለ መልካም ነው። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው መዝገቡን በወረቀትም መያዝ ለምን እንደሚበጅ አይጠይቅም።

ይህ የከተማ ዕድር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታይ። በጊምቢና በአካባቢዋ ቡና የሚያመርቱ አርሶ አደሮች የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ናቸው። እነዚህ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደሩ፣ ለአባላት ትርፍ የሚያከፋፍሉ በመሆናቸው ከዕድር ይለያሉ። ይሁንና ከትርፍ ክፍፍሉ ውጭ የሚያስተዳድሩት የማኅበረሰብ ገንዘብ አለ። በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት አለው። በዚህ ሥርዓት የሚሸጥ ታጥቦ የተዘጋጀም ሆነ ደረቅ የአረቢካ ቡና ከዋጋው በላይ በአንድ ፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ጭማሪ ያስገኛል። በ60 ኪሎ ጆንያ ሲሰላ ከ26 ዶላር በላይ ነው። ጭማሪው ለትምህርት ቤት ይሁን፣ ለውኃ ወይስ ለድልድይ የሚለው በአባላት ጉባኤ መወሰን አለበት፤ አወጣጡም ይመረመራል። ቃለ ጉባኤው ካልተጻፈ፣ ሂሳቡም ካልተዘጋ ገንዘቡ ላይ ጥያቄ ይነሣል። በየቀበሌው ፊደል የቈጠሩ የአርሶ አደር ልጆች ሞልተዋል፤ ቃለ ጉባኤ በሥርዓት መጻፍን ያስተማራቸው ግን ጥቂት ነው።

ቋንቋውና ወቅቱ

አጋርነቱ በወለጋ እንዲሠራ ከተፈለገ ከገንዘብ በፊት የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ። ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የዕድሩና የማኅበሩ አባላት ግን የሚነጋገሩትም የሚጽፉትም በአፋን ኦሮሞ ነው። ስለ አንድ ማኅበር ተጠንቶ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጽሑፍ ለማኅበሩ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። በዚህ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ በምደባ የሚመጣ በመሆኑ የአካባቢውን ቋንቋ ላያውቅ ይችላል።

መፍትሔው በዚያው ከተማ አለ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና የፖሊ ቴክኒክ ሠልጣኞች በአብዛኛው የአካባቢው ልጆች ናቸው። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ ሠልጣኙ ከኮሌጅ ውጭ በሥራ ቦታ የሚለማመድበት የትብብር ሥልጠና አስቀድሞም አለ። የአካውንቲንግ ሠልጣኝ ለልምምድ የሚሄደው ወደ ግል ድርጅት ወይም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይታሰባል፤ ዕድርም የሥራ ቦታ ሆኖ መቈጠር ይችላል። በሕግ ትምህርት ቤቶችም ተማሪው በፍርድ ቤት፣ በሕግ ድጋፍ ማዕከልና በሲቪክ ድርጅት ሄዶ የሚሠራበት ኤክስተርንሽፕ የሚባል ኮርስ አለ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ጥልቀቱን፣ የኮሌጁ ሠልጣኝ ቋንቋውንና ቤተኝነቱን ይዘው በአንድ ቡድን ቢሰለፉ ሥራው በመምህር ይታረማል፤ ሰነዱም አባላቱ በሚያነቡት ቋንቋ ይጻፋል። አዲስ በጀት የሚጠይቀው ነገር ከትራንስፖርትና ከወረቀት አያልፍም።

ወቅቱን በተመለከተ ኮሌጅና ገበሬ የሚተላለፉት በየዓመቱ ነው። ተማሪው በመስከረምና በጥቅምት ሲገባ ገበሬው ቡና ሊለቅም ይወጣል፤ የቡናው ለቀማ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል፤ ጤፉም በዚያው ሰሞን ይታጨዳል። በግንቦት በቆሎው ይዘራል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ አልቆ መዝገብ በሚዘጋበት፣ የሂሳብ ተማሪ ከምንጊዜውም በላይ በሚፈለግበት ሰሞን ተማሪው ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለስብሰባና ለሥልጠና የሚመቸው ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው። ማኅበሩ ቀይ ቡና ገዝቶ ገንዘብ በሚያንቀሳቅስበት በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ አንድ ተማሪ መዛኙ አጠገብ ተቀምጦ ደረሰኝ ሲቈረጥ ቢያይ፣ በክፍል ውስጥ በወራት የማያገኘውን ያገኛል። የትምህርት ካሌንደሩን ማዛወር ከባድ ነው፤ የልምምድ ጊዜውን ከሁለተኛው መንፈቅ ወደ መጀመሪያው ማምጣት ግን በትምህርት ክፍል ደረጃ የሚወሰን ነው።

መዝገቡ የማን ነው?

ሽማግሌዎች የአባላትን ዝርዝር ለማያውቁት ሰው ለመስጠት ያመነታሉ። ማመንታታቸው መሠረት አለው። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የመጫና ቱለማ የመረዳጃ ማኅበር ከአባላቱ መዋጮ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለመሥራት ተነሥቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመንግሥት ታግዷል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ማንበብና መጻፍ አስተምረዋል፤ ገበሬውንም በማኅበር አደራጅተዋል። ሆኖም ማኅበሩ ምን እንዲሆን የተወሰነው ከላይ ነበር። ባለፉት ዓመታትም አካባቢው ከጸጥታ ችግር አላረፈም። እንግዲህ አንድ ወጣት ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ የአባላቱን ስም፣ ገቢና መኖሪያ ሲጠይቅ ለማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ አይደንቅም።

ስለዚህ በኮሌጁና በማኅበሩ መካከል የሚፈረመው የመግባቢያ ሰነድ የአባላቱ መረጃ ከማኅበሩ ቤት እንደማይወጣ፣ ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚወስደው ስም የሌለበትን ቁጥር ብቻ እንደሆነ፣ ጽሑፉም አስቀድሞ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት እንደሚነበብ በግልጽ ሊያስቀምጥ ይገባል። ሰነዱ ገንዘብ የማንቀሳቀስ ሥልጣን ለተማሪም ለመምህርም መስጠት የለበትም። ተማሪው ይጽፋል፣ ያሳያል፤ የሚፈርሙት ግን የማኅበሩ ሰዎች ናቸው። ብዙ ሰነዶች ይህን ትተው ስለ ጋራ ራእይ ብዙ ገጽ ይጽፋሉ።

ጥያቄውም ከማን እንደሚነሣ መወሰን አለበት። በኔዘርላንድ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች የሳይንስ ሱቅ የሚባል ክፍል ከፍተዋል። ለጥናት መክፈል የማይችል የሰፈር ማኅበር ወይም የሠራተኞች ቡድን ጥያቄውን ይዞ ይሄዳል፤ ሱቁ ጥያቄውን ለሚያጠናው ተማሪና ለሚያርመው መምህር ያስተላልፋል፤ ተማሪው ሥራው እንደ ኮርስ ይቈጠርለታል። በእኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ ርእሱን የሚመርጠው ተማሪው ወይም አማካሪው ነው፤ ማኅበሩ መጠይቅ እንዲሞላ ብቻ ይጠራል። ይህ ካልተገለበጠ የቀረው ሁሉ መዘጋጀቱ ብዙም አይረባም።

ኮሌጁም ሰጪ ብቻ አይደለም። ስቴፋን ደርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያና በታንዛኒያ የቀብር ማኅበራት ላይ ባደረጉት፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት የኢትዮጵያ ዕድሮች ብዙዎቹ የተጻፈ ደንብ፣ የተወሰነ የአባላት ዝርዝር፣ መደበኛ መዋጮና የቅጣት ሥርዓት ያላቸው መሆናቸውን አሳይተዋል። ይህን ያህል ሥርዓት ያቆሙት ያለ አማካሪና ያለ ፕሮጀክት ነው። መዋጮ ያቋረጠን አባል ሳያዋርዱ መመለስን፣ የተጣሉ ጎረቤቶችን በአንድ ድንኳን ሥር ማስቀመጥን፣ ማንም የማይሻውን ኃላፊነት ያለ ደመወዝ ለዓመታት መሸከምን የአስተዳደር ተማሪ ከመጽሐፍ አያገኘውም። የኦሮሞ ሕዝብ የመረዳጃ ሥርዓት የሆነው ቡሳ ጎኖፋም በቅርብ ዓመታት በክልሉ ተቋም ሆኖ ሲደራጅ መነሻው ይኸው የቆየ ልምድ ነበር።

ለማኅበራት የሚቀረው ተግባራዊ ጥያቄ ከየት ይጀመር የሚለው ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ጉዳዩ የሚመለከተው የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤትን ነው፤ በኮሌጆች ደግሞ ዲኑን ወይም የትብብር ሥልጠና አስተባባሪውን ማነጋገር ይቻላል። የሚመቸው ጊዜ የተማሪዎች ምደባና የመመረቂያ ርእስ ከመወሰኑ በፊት፣ ትምህርት በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ይዞ መሄድ የሚያስፈልገውም ሦስት ነገር ነው፦ ማኅበሩ መቼ እንደተመሠረተና ስንት አባላት እንዳሉት የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ያለፈው ዓመት የገቢና የወጪ ደብተር ቅጂ፣ እንዲሁም በጉባኤ ተመክሮበት በቃለ ጉባኤ የተያዘ አንድ ችግር። ችግሩ አንድ ብቻ ይሁን፤ አሥር ችግር የተዘረዘረበት ደብዳቤ የትኛው የትምህርት ክፍል እንደሚረከበው ሳይታወቅ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ይከርማል። የአባላቱ ስም ዝርዝር በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ይቆይ። ተማሪው ሲመደብ እርሱ ራሱ መጥቶ በገንዘብ ያዡ ፊት ያየዋል።